የዌክቦርድ ውድድር ሕግ፤ ከመለካት ወደ መፍረድ

በጨዋታ አሸናፊውን የሚለዩበት መንገድ ኹለት ነው። አንደኛው መለካት ነው፤ የሯጭ ሰዓት፣ የዘላይ ርቀት ይለካል። ኹለተኛው መፍረድ ነው፤ ዳኞች አይተው ይመዝናሉ። ዌክቦርድ የተባለው የውሃ ላይ ጨዋታ ከመጀመሪያው መንገድ ወጥቶ ወደ ኹለተኛው የገባ ስለ ኾነ፣ የሕጉ ታሪክ ለምርመራ የተመቸ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ለውጡ እንዴት እንደ መጣና ምን እንዳስከተለ ማሳየት ነው። ዓመታቱ ኹሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጨዋታው አባት የውሃ ላይ ስኪ ነው። በ1922 ዓ.ም. ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በሚኒሶታ፣ በፔፒን ሐይቅ ላይ፣ ኹለት ሳንቃ በእግሩ አስሮ በጀልባ እየተጎተተ ለመንሸራተት ቻለ። በ1939 ዓ.ም. የአሜሪካ የውሃ ስኪ ማኅበር ተቋቋመ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናም በ1949 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በዡዋን ሌ ፓን ተደረገ።

የስኪ ሕግ መሠረቱ ቍጥር ነው። በስላሎም ተወዳዳሪው ስድስት ተንሳፋፊ ምልክቶችን ግራና ቀኝ እየዞረ ያልፋል፤ ያለፋቸውም ይቈጠሩለታል። ኹሉን ከጨረሰ የጀልባው ፍጥነት ይጨመርበታል፤ ፍጥነቱ ከተወሰነለት መጠን ሲደርስ ደግሞ ገመዱ ያጥርበታል። በዝላይ ርቀቱ በሜትር ይለካል። በቅልጥፍና ትርኢት እንኳ ለያንዳንዱ ዙር 20 ሰከንድ ብቻ ይሰጠዋል፤ የያንዳንዱም ትርኢት ዋጋ በሰንጠረዥ አስቀድሞ ተጽፏል። ዳኛው ትርኢቱ በትክክል መፈጸሙን ይመሰክራል እንጂ ማማሩን አይመዝንም።

ዌክቦርድ ግን ሌላ ወገንም አለው፤ እርሱም በባሕር ማዕበል ላይ በሳንቃ የመንሸራተት ልማድ ነው። በ1985 ዓ.ም. የካሊፎርንያው ቶኒ ፊን ስከርፈር የተባለውን፣ በጀልባ የሚጎተት ትንሽ ሳንቃ አወጣ። በ1990 ዓ.ም. ኸርብ ኦብራየን በቀላሉ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ቀጭን ሳንቃ ስለ ሠራ፣ ጕልበት የሌለውም ሰው ከውሃ ተነሥቶ ለመቆም ቻለ። ከዚህ በኋላ ጀልባው በስተኋላው የሚያስነሣው ማዕበል እንቅፋት መኾኑ ቀርቶ መዝለያ ኾነ። በ1996 ዓ.ም. ጨዋታው ኤክስ ጌምስ በተባለው ውድድር ውስጥ ገባ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በጃፓን፣ በአኪታ በተደረገው የዓለም ጨዋታዎች ላይ ታየ።

ሕግ አውጪዎቹ የዋጋ ሰንጠረዥን ትተው ሦስት መመዘኛ አቆሙ። አንደኛው አፈጻጸም ነው፤ ተወዳዳሪው ትርኢቱን ከመነሻው እስከ ማረፊያው ሳይንገዳገድ መፈጸሙ ይታያል። ኹለተኛው ብርታት ነው፤ የዝላዩ ከፍታና የትርኢቱ ክብደት ይመዘናል። ሦስተኛው አሰካክ ነው፤ ትርኢቶቹ ልዩ ልዩ መኾናቸውና ቅደም ተከተላቸው ይመረመራል። የጀልባውን ፍጥነት ተወዳዳሪው ራሱ ይመርጣል። ውድድሩም በምድብ ይከፈላል፤ በመጀመሪያ የተሸነፈው እንደ ገና የመጨረሻ ዕድል የሚያገኝበት ዙር አለ።

ይህ ሥርዓት ጥቅምም ጕዳትም አለው። ዋጋው በሰንጠረዥ የተወሰነ ትርኢት ተወዳዳሪውን ሒሳብ ሠሪ ያደርገዋል፤ አዲስ ነገር የፈጠረውም በሰንጠረዡ ስፍራ አያገኝም። በአንጻሩ፣ ሜትር ለማንም አያዳላም፤ የዳኛ ዐይን ግን ሊያዳላ ይችላል።

ከዳኛው ሌላ ጀልባውም የእኩልነት ጥያቄ ያስነሣል፤ ማዕበሉ በጀልባው ክብደትና በነጂው ችሎታ ይለዋወጣልና። ለዚህ መልስ የሚኾነው ጀርመናዊው መሐንዲስ ብሩኖ ሪክሰን በ1960ዎቹ የሠራው መጎተቻ ነው፤ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተዘረጋ ገመድ በሞተር እየዞረ ተወዳዳሪዎችን ይስባል፤ አሳሳቡም ለኹሉ አንድ ነው። በ2011 ዓ.ም. ዌክቦርድ ለ2020 ኦሎምፒክ ከታጩት ስምንት ስፖርቶች አንዱ በኾነ ጊዜ የቀረበው ይኸው በገመድ የሚደረገው ዐይነት ነበር። ይኹን እንጂ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ዕጩዎቹ ወደ ሦስት ሲቀነሱ ከዝርዝሩ ወጣ።

እንግዲህ ገመዱ አሳሳቡን አስተካከለ እንጂ ፍርዱን ከዳኛው እጅ አላወጣውም። ዳኛው ያየውን በሦስቱ መመዘኛዎች ከፍሎ እንዲመዝን መገደዱ ግን ትልቅ ነገር ነው። አድልዎን ፈጽሞ ባያጠፋውም፣ የተሸነፈው ሰው በየትኛው እንደ ተሸነፈ ለመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በእኔ አስተያየት፣ ሊለካ ለማይችል ነገር ከዚህ የሚሻል ሕግ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው።