ማበር እና ማስተባበር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል የሀገራችን ሰው። ልብ በሉልኝ፣ «ቢያስተባብሩት» አላለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ በአንድ ግሥ እርባታ መጨቃጨቅ እስካሁን አለቀቀኝም። ማበር በራስ ፈቃድ የሚሆን ነው፤ ማስተባበር ግን ሌላ ሰው መሃል ገብቶ የሚሠራው ሥራ ነው። የአውሮፓውያንም የልማት ዕርዳታ ከተጀመረ ጀምሮ በእነዚህ ሁለት ግሦች መካከል ሲዋልል ኖሯል።

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ስድስት ሀገሮች ሮም ላይ የጋራ ገበያ ሲመሠርቱ፣ ፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶቿም እንዲካተቱ ጠየቀች። በዚህ ሰበብ የአውሮፓ ልማት ፈንድ ተወለደ። በጊዜው ሒሳብ 581 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተዋጣ። ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን እያንዳንዳቸው 200 ሚሊዮን ሰጡ፤ አብዛኛው ገንዘብ የታሰበው ግን ለፈረንሳይ ግዛቶች ነበር። መዋጮው የጋራ ይሁን እንጂ፣ አባላቱ የየግላቸውን ዕርዳታ አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1975 ከሎሜ ስምምነት ፈራሚ 46 የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓስፊክ ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የማስትሪክት ውል የኅብረቱ የልማት ፖሊሲ የአባላቱን «ያሟላል» አለ። «ይተካል» ግን አላለም። ጨዋታው ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው።

እዳው የሚወድቀው በተቀባዩ ላይ ነው። እያንዳንዱ ለጋሽ የራሱ አጥኚ ቡድን፣ የራሱ ሪፖርት፣ የራሱ ቀጠሮ አለው። አንዱን ሸኝቶ ሌላውን ሲቀበል የሚውል የሚኒስቴር ባለሙያ መቼ ሥራውን ይሥራ? ይህን ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2007 የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ፦ አንድ የአውሮፓ ለጋሽ በአንድ ሀገር ቢበዛ በሦስት ዘርፍ ይወሰን ተባለ። ጥሩ ነው፤ ግን ደንቡ በፈቃደኝነት ላይ የቆመ ነበር። ባንዲራዬ የማይታይበትን ዘርፍ ልልቀቅ የሚል ደግሞ የትም ሀገር አይበዛም።

ከበጀት ውጭ የኖረው ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ኅብረቱ በጀት ገባ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት «ቲም አውሮፓ» የሚል የጋራ ስም ወጥቶ ነበር። መልካም ጅምር ነው። ሆኖም ጀርመንም ፈረንሳይም ዛሬ የየራሳቸው የልማት ተቋም አላቸው። ስሙን አንድ ማድረግ ቀላል ነው። እኔ ማበር የምለው ግን፣ ባለሙያው ለሁሉም አንድ ሪፖርት ጽፎ በጊዜ ወደ ቤቱ የሚገባበትን ቀን ነው።