በራስ ቁር ላይ የተሰካው ዓይን

በሜዳና በገደላገደል የሚካሄድን የሞተር ብስክሌት ውድድር ከመንገድ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው የሚታየው አቧራና ለሁለት ወይም ለሦስት ሴኮንድ ብቅ ብሎ የሚሰወር ነጂ ብቻ ነው። ነጂው ራሱ የሚያየው ግን ሌላ ነው። ድንጋዩ ወደ ፊት ጎማው ሲንደረደር፣ መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ሲታገለው፣ ዳገቱ እንደ ግድግዳ ከፊቱ ሲገተር ያያል። ይህንን እይታ በወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ተመልካች ለማካፈል የተደረገው ጥረት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንኑ ጥረት ከምሕንድስና አንጻር በአጭሩ መቃኘት ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ለታሪኩ እንደ መነሻ ልንወስደው የምንችለው አሜሪካዊው ብሩስ ብራውን በ1971 ለሕዝብ ያቀረበው «ኦን ኤኒ ሰንዴይ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ነው። ብራውን እንደ ማልኮም ስሚዝና ሜርት ላውዊል ያሉትን ስመ ጥር ተወዳዳሪዎች፣ እንዲሁም ተዋናዩን ስቲቭ ማክዊንን ተከትሎ በካሊፎርንያ የኤልሲኖርን ውድድርና የበረሃውን ግልቢያ ቀረጸ። እንቅስቃሴን አዝግሞ የሚያሳይ ልዩ ካሜራ ለመግዛት በጀቱ ስላልፈቀደ፣ በ12 ቮልት እንዲሠሩ የተሰናዱትን ካሜራዎች ከ24 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኛቸው። ሞተራቸው ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ሲሽከረከር በአንድ ሴኮንድ የሚነሡት ምስሎች በዙ፤ ፊልሙም በመደበኛው ፍጥነት ሲታይ የጎማው ዝላይና የአፈሩ ብትንታኔ ረጋ ብሎ ታየ። ከዚህም አልፎ ካሜራው በነጂዎች የራስ ቁር ላይ ታስሮ እንዲጋልብ ተደረገ።

የዚያን ዘመን ካሜራ ሌንሱን፣ ሞተሩን፣ ጥርሳም መዘውሮቹንና የፊልሙን ጥቅልል በአንድነት የያዘ የብረት ሣጥን ነበር። 30 ሜትር ያህል የሚረዝም የ16 ሚሊሜትር ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ሲነሣበት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ይልቁንም አሳሳቢው ክብደቱ ነው። አንድ ኪሎግራም የሚመዝን ዕቃ በራስ ላይ ቢታሰርና ነጂው ከዝላይ ሲያርፍ ከምድር ስበት አምስት እጥፍ የሆነ ፍጥንጥነት ቢያጋጥመው፣ አንገቱ አምስት ኪሎግራም የተጫነበት ያህል ይሆናል። ዕቃው ከራስ ቁሩ ወጣ ብሎ የተሰካ እንደ ሆነ ደግሞ አንገትን የሚጠመዝዝ ተጨማሪ ኃይል ይፈጥራል። ስለዚህ ተከታዩ ምዕራፍ ሸክምን ከራስ ላይ የማውረድ ታሪክ ሆነ።

ለዚህ መንገዱን የከፈተው በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በቤል ላቦራቶሪ የፈለሰፉት፣ በአጭር ስሙ ሲሲዲ የሚባለው፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለመለወጥ የዋለው የሲሊከን ቅንጣት ነው። የቪዲዮ ካሜራ እያነሰ ሲሄድ የሚያየውን ክፍል ከሚመዘግበው ክፍል መለየት ተቻለ። በ1987 ማርክ ሹልዝ የተባለ አሜሪካዊ ስለ ተራራ ብስክሌት ፊልም ለመሥራት በሞተር ብስክሌት የራስ ቁር ላይ አነስተኛ ቪዲዮ ካሜራ ሰካ፤ የቴፕ መቅረጫውን በቦርሳ አድርጎ በጀርባ አሳዘለ፤ ሁለቱንም በገመድ አገናኘ። በዚህ ዘዴ ራስ ቀለለ፤ ሸክሙ ወደ ጀርባ ወረደ። ይሁን እንጂ ገመዱ አዲስ ችግር አመጣ። ቅርንጫፍ ይይዘዋል፣ መሰኪያው ይላቀቃል፣ ቴፑም በንዝረት ይዛባል፤ ነጂው ይህን የሚያውቀው ግን ከቤቱ ገብቶ ምስሉን ሲከፍት ነው።

ዓይንና መዝገብ በአንድ ትንሽ ዕቃ ውስጥ የተገናኙት ከ2000 ወዲህ ነው። ኒክ ዉድማን በ2002 ያቋቋመው ጎፕሮ የተባለው ድርጅት በ2004 ያወጣው የመጀመሪያ ካሜራ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር፣ በ35 ሚሊሜትር ፊልም የሚሠራ የፎቶግራፍ መሣሪያ ነበር። በ2006 የተከተለው ዲጂታል ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚቀርጸው 10 ሴኮንድ ብቻ ነበር። በ2009 ግን 1080 መስመር ያለውን ምስል በሴኮንድ 30 ጊዜ የሚያነሣ ካሜራ ቀረበ። ምስሉ የሚቀመጠው በሚሽከረከር ቴፕ ላይ ሳይሆን በካርድ ላይ ስለ ነበረ ንዝረት እንደ ቀድሞው አላሸነፈውም።

የቀረው የምስሉ መንቀጥቀጥ ነበር። በሰው ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ራስ ሲወዛወዝ ዓይንን በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያዞር ነጂው ዓለምን ረግታ ያያታል፤ ካሜራው ግን ይህ ጸጋ አልነበረውም። በ2018 ይኸው ድርጅት ባወጣው ካሜራ ውስጥ የእንቅስቃሴ መለኪያው የሚሰጠው ቁጥር እየተሰላ፣ የምስሉ ጠርዝ እየተቆረጠ፣ ውዝዋዜው እንዲወገድ ተደረገ። በብረትና በመስታወት ያልተፈታው ችግር በስሌት ተፈታ።

እንግዲህ ምስሉ አማረ ማለት እውነቱን ተናገረ ማለት ነውን? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የገጠር ኮረኮንች መንገድ በሞተር ብስክሌት ሲመረምር በራስ ቁሩ ላይ ካሜራ ሰክቶ ነበር። ቢሮ ተመልሰን ከባልደረቦች ጋር ምስሉን ስናይ አንዱን ዳገት ቀላል ነው ብለን አለፍነው። በኋላ መሣሪያ ይዘን ስንለካው የተጫነ መኪና በዝናብ ጊዜ ሊወጣው የማይችል ሆኖ ተገኘ። ሰፊው ሌንስ ከፊት ያለውን ሁሉ ያርቃል፣ ያሳንሳል፤ ዳገቱንም ያስተኛዋል። ንዝረቱ መወገዱ ደግሞ የመንገዱን ጉድጓድ ከተመልካች ሰወረ። እኛ የተሳሳትነው በቢሮ ውስጥ ስለ ነበር አርመነዋል፤ ምስሉን አምኖ ያንኑ ዳገት የሚደፍር ወጣት ነጂ ግን ስሕተቱን የሚያርመው በአጥንቱ ነው።

ሌላው ጉዳይ የራስ ቁሩ ራሱ ነው። የራስ ቁር ልሙጥ ሆኖ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነጂው ሲወድቅ በመሬት ላይ እንዲንሸራተትና ራስ ከአንገት ጋር እንዳይጠመዘዝ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር ያለው ቁጥር 22 ደንብ በ2021 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያው በአግድመት ምት የሚመጣውን የራስ መዞር በፈተናው ውስጥ ማካተቱ ይህንኑ ያስረዳል። በልሙጡ ቅርፊት ላይ በጠንካራ ሙጫ የተለጠፈ ካሜራ ግን ድንጋይ ወይም ሥር የሚይዘው መንጠቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሰሪያው በጉዞ ንዝረት የማይላቀቅ፣ በውድቀት ጊዜ ግን ሳያንገራግር የሚገነጠል መሆን አለበት። ሁለቱን ማስታረቅ ካሜራውን ከማሳነስ የቀለለ ሥራ አይደለም።

ባለሙያዎቹ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የደከሙት ካሜራው ምን ያህል እንደሚመዝንና ምን ያህል እንደሚያይ ለማሻሻል ነው፤ ድካማቸውም ፍሬ አፍርቷል። ካሜራው የተሰካበት ዕቃ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሰው ራስ መጠበቂያ ነው። በማናቸውም መሣሪያ ላይ አንድ ነገር ለመጨመር ስንነሣ፣ የምንጨምረው ምን ይሰጠናል ከማለታችን በፊት የምንጨምርበት ዕቃ ለምን እንደ ተሠራ ብንጠይቅ ለእኛም ለሙያችንም ይበጃል።