የመኪናችሁን ኦሪጅናል ቴፕ ሳትቀይሩ ሰብዉፈር ማስገባት፦ ከድምፁ በፊት ፊውዙ

ቪትዝም ሆነ ኮሮላ፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቴፕ ዘፈኑን ያሰማል እንጂ ቤዙን ብዙም አያሰማም። ቴፑ ስለተበላሸ አይደለም። በሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ስፒከሮች ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በደንብ ለመግፋት ስፋት ያንሳቸዋል። ቴፑም ቢሆን አንዳንዱ ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ቢጻፍም፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠው በአንድ ስፒከር 20 ዋት ገደማ ነው። ድምፅ ስትጨምሩ ዘፈኑ የሚጮኸው እንጂ የማይወፍረው ለዚህ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ቤዝ ለመጨመር ቴፑን መቀየር ግዴታ አይደለም። ኦሪጅናል ቴፖች አብዛኛውን ጊዜ ለአምፕሊፋየር የሚሆን የአርሲኤ መውጫ የላቸውም። ስለዚህ ድምፁ የሚወሰደው ወደ ኋላ ስፒከር ከሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። የስፒከር ሽቦ በቀጥታ የሚቀበል (ሃይ ሌቭል ኢንፑት ያለው) አምፕ ከገዛችሁ ስራው ቀላል ነው፤ ከሌለው ደግሞ የስፒከሩን ሲግናል ዝቅ አድርጎ ወደ አርሲኤ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን መሃል ላይ ይገባል። በነገራችን ላይ ለጃፓን ገበያ የተሰሩ መኪኖች ቴፕ ኤፍ ኤም የሚይዘው ከ76 እስከ 90 (አዲሶቹ እስከ 95) ነው፤ ፋና 98.1ንም ሸገር 102.1ንም እንዲሁ አያገኝም። በዚህ ምክንያት ቴፕ ልትቀይሩ ካሰባችሁ የሰብዉፈር መውጫ ያለው ምረጡና ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላገሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብዙ ሰው ዉፈሩንና ሳጥኑን ሲመርጥ ቀኑን ሙሉ ይውላል፣ ሽቦውን ግን ለገጣሚው ይተወዋል። መኪና የሚያቃጥለው ግን ሽቦው ነው።

አምፑ ኃይል የሚወስደው በቀጥታ ከባትሪው ነው፤ ከሲጋራ መለኮሻ ወይም ከቴፑ መስመር አይቀጠልም፣ እነዚህ መስመሮች የተሰሩት ለትንሽ ጭነት ነው። 300 ትክክለኛ ዋት የሚሰጥ አምፕ በሙሉ ኃይሉ ሲሰራ 30 አምፒር ገደማ ይስባል። ለዚህ ከሞተር ክፍል እስከ ኋላ ድረስ 8 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስለሚሸጥ፣ ከመግዛታችሁ በፊት አንዷን ክር በቢላ ፋቅ አድርጓት። ከስር ነጭ ከወጣ መዳብ አይደለም፤ እሱን የግድ የምትጠቀሙ ከሆነ ወፈር ያለውን ውሰዱ።

ፊውዙ ደግሞ ከባትሪው ቢበዛ በ45 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ይቀመጣል። «አምፑ ላይ ፊውዝ አለ እኮ» የሚል ገጣሚ ካጋጠማችሁ አትስሙት። አምፑ ላይ ያለው አምፑን ነው የሚጠብቀው። ሽቦው የሞተር ክፍሉን ከውስጥ የሚለየውን ላሜራ ሲያልፍ በንዝረት እየተፋቀ መጥቶ ቦዲውን ቢነካ፣ ባትሪው ያለውን ኃይል በሙሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያፈሳል። ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩና ምንጣፉ ይቀጣጠላል፤ ኋላ ያለው ፊውዝ ግን ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ቀዳዳው ላይ የጎማ ቀለበት ይደረግ፣ ናስትሮ ብቻ አይበቃም። ፊውዙም ሽቦው ከሚችለው በላይ መሆን የለበትም። «ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል» ብሎ በትልቅ መቀየር ፊውዙን እንደማውጣት ነው።

የኔጌቲቩ ሽቦ አጭር፣ ከግማሽ ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ በቡሎን ይጠበቅ። ድምፅ የሚያመጣውን ገመድ በመኪናው በአንድ በኩል፣ የኃይሉን በሌላ በኩል አሳልፉ። ያለዚያ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር የዲናሞው ፉጨት በስፒከሩ ይመጣል።

ስራ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል። አንዳንድ ቴፕ ባትሪ ሲነቀል ኮድ ስለሚጠይቅ ግን ኮዱን ቀድማችሁ ያዙ። ወንበር ስር የሚገባውን ትንሹን ሰብዉፈር ከመረጣችሁ (ለቪትዝ አይነት መኪና እኛ የምንመርጠው እሱን ነው፣ ቦታ አይበላም) እዚያ ያሉትን ቢጫ ሶኬቶች አትንኩ፣ የኤርባግ ናቸው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ገመድ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። እነሱም ላይ ቢሆን አምፑ የሚገናኘው ከትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጋር ብቻ ነው።

ማስተካከሉ ላይ አንድ ስህተት በጣም የተለመደ ነው፦ አምፑ ላይ «ጌይን» የሚለውን ቁልፍ እንደ ድምፅ መጨመሪያ ማየት። ቴፑን እስከ ሦስት አራተኛ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ጌይኑን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ትንሽ መለስ። የተሰነጠቀ ድምፅ ዉፈሩን ያቃጥላል። ማጣሪያውን 80 ኸርዝ ላይ አድርጉት። ቤዙ የደከመ ከመሰላችሁ ደግሞ ጌይን ከመጨመር በፊት 0 እና 180 የሚለውን ማብሪያ ገልብጣችሁ ስሙት፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ነው። የዉፈሩ ኦም አምፑ ከሚችለው በታች እንዳይሆንም አረጋግጡ። ሞተር አጥፍታችሁ ስትሰሙ ደግሞ ልክ ይኑረው፤ የትንሽ መኪና ባትሪ ጠዋት ሞተር ለማስነሳት የሚሆን ላይተርፈው ይችላል።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩን አስነስታችሁ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ 20 ደቂቃ አጫውቱ። ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱና ሽቦውንና የፊውዙን ቤት በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ግን አጥፉት፣ ፊውዙን አውጡ፣ ሽቦው እስኪቀየር ድረስ አትክፈቱት።