ሦስቱ ሲኒዎች

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፤ ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ሦስት ሲኒ ቡና ነው። ነገሩ ትንሽ መስሏችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት አደራ እላለሁ።

የወንድሜ ልጅ በአዲስ አበባ ትማራለች። ለዕረፍት ወደ ደሴ በመጣች ጊዜ፣ ቧንቧ ውሃ በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ ከቦርሳዋ አንድ ጥቅል የሥዕል ካርታ አውጥታ በመደቡ ላይ ዘረጋችው። ጓደኞቿ ዕድል ይገልጣል እያሉ የሚጫወቱበት መሆኑን ነገረችኝ። እኔም ልገሥጻት አፌን ስከፍት አንዲቱ ሥዕል ዓይኔን ያዘችው። ሦስት ሴቶች ክብ ሠርተው ቆመው ጽዋቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል፤ ከእግራቸው ሥር የአትክልት ፍሬ ተዘርግቷል።

«ይህችኛዋ የወዳጅነትና የደስታ በዓል ካርታ ናት ይሏታል። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይሏታል?» አለችኝ።

«እኔ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እላታለሁ» አልኋት።

ስለ ካርታው የማውቀውን ባጭሩ ልናገር። እንዲህ ያለው ካርታ ታሮት ይባላል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ ሲጀመር ተራ መጫወቻ ነበረ እንጂ የጥንቆላ መሣሪያ አልነበረም። ዕድል ይነበብበታል የሚለው ነገር የተስፋፋው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ በፈረንሳይ አገር ነው። ያቺን የሦስት ሴቶች ሥዕል የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሴት ስትሆን፣ ካርታው በለንደን የታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ነው። ነቢይ ለመሆን ሦስት መቶ ዓመት የፈጀበት ወረቀት ነገ የሚሆነውን ያውቃል ብዬ አላምንም። በእኛም አገር ሲኒ ገልብጠው ከአተላው ዕድል እናነባለን የሚሉ አሉ፤ እነርሱንም አላምናቸውም። ስላለፈው ነገር ግን ሲኒ ብዙ ይናገራል።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። ሲኒ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ፍችው የቻይና ማለት ነው። አቦል ፊተኛ፣ ቶናም ሁለተኛ ከሚሉት የዐረብኛ ቃላት የወጡ ናቸው። በረካ ግን ሦስተኛ ማለት አይደለም፤ በረከት ማለት ነው። ሁለቱ ሲኒዎች በቁጥር ሲጠሩ ሦስተኛው ቁጥሩን ትቶ በረከት ተባለ። ቡናው ውሃ እየተጨመረበት በተደጋጋሚ ስለሚፈላ በረካ ላይ ሲደርስ ቀጥኗል፤ ለጣዕሙ ብሎ የሚጠብቀው ሰው የለም። በረካን ለመጠጣት የሚቀመጥ ሰው የሚቀመጠው ከሰዎቹ ጋር ለመቆየት ነው። ስለዚህ ከበረካ በፊት ብድግ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ሆኖ ይቆጠራል፤ የሚቸኩል ሰው እንኳ ይቅርታ ጠይቆ፣ ተመርቆ ይወጣል።

የቡና አገሩ ኢትዮጵያ ናት። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ሁሉ ከጥንት ጀምሮ አብረው ይጠጡት ነበር ብላችሁ ብታስቡ ትሳሳታላችሁ፤ እኔም በልጅነቴ እንደዚሁ ይመስለኝ ነበረ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሰሜኑና በመካከለኛው አገር የሚኖሩ ብዙ ክርስቲያኖች ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው አይቀምሱትም ነበር፤ ካህናትም ይከለክሉ ነበር። ነገሩ የላላው ወደ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ነው። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ ነበር፤ ከግብጽ የመጡት ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም ያን ጥርጣሬ ከሕዝቡ ልብ ለማውጣት እንደ ረዱ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። እንግዲህ ዛሬ የሚያገናኘን ሲኒ በቅድመ አያቶቻችን ዘመን የሚለያይ ሲኒ ነበረ።

በወሎ ደግሞ ነገሩ በሲኒ ብቻ የቀረ አልነበረም። ከደሴ በስተሰሜን ባለው በቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው የቤተ ክርስቲያንን የሃይማኖት ክርክር ከቆረጡ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። የወሎው ባላባት ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ሕዝቡ ግን እንደ መኳንንቱ በአንድ ቀን ስሙን የሚለውጥ አልሆነም። ሼህ ጠልሃን ተከትሎ ያመፀ ነበረ፤ አገሩን ለቅቆ የተሰደደ ነበረ፤ ቀን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሌሊት በቤቱ የሚሰግድም ነበረ።

እኚሁ ንጉሠ ነገሥት በ1875 ዓ.ም. ገደማ በዚህ ስፍራ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ ታያቸውና ተደስተው ቦታውን ደሴ፣ ማለት ደስታዬ፣ ብለው ሰየሙት ተብሎ ይተረካል። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ እንደ ነበረ የሰማይ ተመራማሪዎችም መዝግበውታል። የከተማችን ስም እንግዲህ ደስታ ነው። እኔ የደሴ ልጅ እንደ መሆኔ በስሙ እኮራለሁ፤ ነገር ግን ያን ጊዜ በሌሊት ተደብቆ ይሰግድ የነበረው ሰው ኮከቡን አይቶ ምን እንዳለ የጻፈልን የለም።

ታዲያ እንዲህ የተለያየ ሕዝብ እንዴት ተመልሶ ባንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀመጠ? በዐዋጅ አይመስለኝም። በጋብቻ ነው፤ በለቅሶ ነው፤ በእርሻ ላይ በደቦ ነው። አያቱ ሼህ ሆነው የልጅ ልጁ ዲያቆን የሆነበት ቤተሰብ በወሎ ብርቅ አይደለም። በሠርግ ጊዜ ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን በሬ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያኖቹ እንደዚሁ ያደርጋል፤ ሥጋውም አይቀላቀልም። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ደንብ መለያየት ነው እያሉ ሲተቹት እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ጎረቤቱ የሚበላውንና የማይበላውን አውቆ ሁለት ጊዜ የሚያሳርድ ሰው፣ ሁሉም የእኔን ይብላ ከሚለው ይልቅ ጎረቤቱን አክብሯል። ሥጋው ከተለየ በኋላ ደግሞ ቡናው አንድ ነው። ወዳጃ በሚባለው ሥርዐት፣ ሰው ተሰብስቦ ስለ ታመመው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አገሩ ሰላም ዱዓ ሲያደርግ ቡናው ይፈላል፤ ክርስቲያኑም ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀምጦ አሚን ይላል። የወዳጃን ስም በሰማሁ ቁጥር ወዳጅ የሚለውን ቃል የሰማሁ ይመስለኛል።

ኢማም መሐመድ አሊ የነበሩት ሚካኤል ራስ ሆነው ደሴን መቀመጫቸው አደረጉ። በ1906 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። እርሳቸው ያሠሩት የግብር አዳራሽ እስከ ዛሬ ይታያል፤ ስሙም አይጠየፍ ነው። ድኻ ሀብታም፣ ጌታ ሎሌ ሳይል ሁሉን ያስገባል ማለት ነው። ከአገራችን ሕንጻዎች ስም ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። ሁለት ስምና ሁለት ሃይማኖት ያዩ ሰው አዳራሻቸውን እንዲህ ብለው መጥራታቸው በከንቱ አይመስለኝም።

ሆኖም እውነቱን ደብቄ ስሙን ብቻ ባመሰግን ታሪክ ጻፍሁ አልልም። በዚያ ዘመን ግብር የሚገባው በማዕረግ ነበረ። መጀመሪያ መኳንንቱ ይቀመጣሉ፤ ቀጥሎ ወታደሩ ይገባል፤ ድኻው የሚደርሰው በመጨረሻ ነው፤ ጠጁም እስከዚያ ድረስ እየቀጠነ ይመጣል። ማንም አልተመለሰም፤ ሁሉም ግን ባንድ ማዕድ አልተቀመጠም። ከዚያ አዳራሽ የበላው ሠራዊት ከዙፋን ስለ ወረዱት ስለ ልጅ ኢያሱ ሲዋጋ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተሸነፈ፤ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ይህን ሁሉ ያመጣሁት ለዚህ ነውና።

በ1950ዎቹ እኔ ገና የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሳለሁ እናቴ ከሰዓት በኋላ ቡና ታፈላ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ፤ የቄሱ ሚስት ትመጣለች፤ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጤሶ፣ ቆሎው ቀርቦ እስከ በረካ ድረስ ይጨዋወታሉ። ሰኞ ሲሆን ደግሞ ከሰኞ ገበያ የምትመለስ አንዲት ሸክላ ሠሪ፣ ያልተሸጠላትን ጀበናና ምጣድ በጀርባዋ አዝላ፣ በደጃችን ታልፍ ነበር። እናቴ ደግ ሴት ስለ ነበረች ሳትጠራት አትቀርም። ነገር ግን የምትቀመጠው ከውጭ፣ ከድንጋዩ ላይ ነው። የምትጠጣበትም ሲኒ ጠርዙ የተሸረፈ፣ ከሌሎቹ ጋር የማይታጠብ፣ በመስኮቱ ላይ ለብቻው የሚቀመጥ ሲኒ ነበረ። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ይባል ነበርና። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክለውን ዐዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነበረ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዐዋጁ ከቤታችን ደጃፍ አልገባም። እነዚያ በረከቦቱ ዙሪያ የተቀመጡት ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች፣ አያቶቻቸው በአንድ ሲኒ ምክንያት የተለያዩ፣ በዚህች ሴት ነገር ግን ተስማምተው ነበር።

ሲኒውን የማደርስላት እኔ ነበርሁ። አንድ ሰኞ አቦሏን ጠጥታ ሲኒውን በእጄ ልትሰጠኝ ስትዘረጋ፣ ጣቷ እንዳይነካኝ እጄን ሰበሰብሁ። ሲኒው ወድቆ ተሰበረ። አልጮኸችም፤ አልረገመችኝም። ስብርባሪውን ለቅማ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ከሸክሟ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጀበና አውጥታ ከድንጋዩ ላይ አኖረችና፣ «ለእናትህ ስጣት፤ ስለ ሲኒው» ብላኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ በደጃችን ስታልፍ አላየኋትም።

እናቴ በዚያች ጀበና ብዙ ዓመት አፈላች። ጎረቤቶቻችን ጀበናዋ ቡና ታጣፍጣለች እያሉ ያመሰግኑ ነበር። እኔ ግን ለማንም ሳልናገር ኖርሁ፤ አስተማሪ ሆኜ ለልጆች ስለ አይጠየፍ አዳራሽ ሳስተምር እንኳ አልተናገርሁትም።

በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከብዙ ሰው ጋር ወጥተን ሄድን። ኅዳር ካለቀ በኋላ ስንመለስ በራችን ተሰብሯል፤ ረከቦቱ የለም፤ ጀበናው ከማጀት ወለል ላይ ደቅቋል። ባለቤቴ ስብርባሪውን እየጠረገች ሳለች አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ከተማውን ለቅቃ ያልሄደች፣ ጥቂት ቡና በፌስታል ቋጥራ ገባች። «አብሽሩ፤ ቡናው አለ። ጀበና ግን ለእኔም አልተረፈልኝ» አለችን።

በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ሰኞ ገበያ ወረድሁ። የሸክላ ተራው ከወትሮው ቀጭን ነበረ። አንዲት በዕድሜዋ ጠና ያለች ሴት ጀበና ዘርግታ አገኘሁና ለእኛም ለጎረቤቶቻችንም የሚሆን ስድስት ገዛሁ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ስድስት ጀበና ሳይሰበር ዳገት ማውጣት አልችልም። ሴትዮዋ አይታኝ ሣቀችና አዝላልኝ እስከ ቤታችን ድረስ መጣች።

ቡናው ሲቆላ ከውጭ፣ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ያው ድንጋይ ነው። ባለቤቴ ወጥታ በእጇ ይዛ አስገባቻት። ሲኒ በመጥፋቱ ጎረቤታችን ከቤቷ የተረፋትን ሦስት ሲኒ አምጥታ ነበር፤ ለሦስቱ ሴቶች በቃ፤ እኔ በብርጭቆ ጠጣሁ። ሴትዮዋ አቦሏን እንደ ጨረሰች ሲኒውን ከረከቦት አንሶ በተደፋው ሣጥን ላይ አኑራ ነጠላዋን አጣፋችና ተነሣች።

«እቴ፣ ቶና አለ» አልኋት።

«መሽቶብኝ ነው፤ መንገዴ ሩቅ ነው» አለች፤ ዓይኗም በሩን ያያል።

እኔ የምለው ጠፋኝ። ስድሳ ዓመት ያህል ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም። ጎረቤታችን ግን «አብሽሪ፤ በረካ ሳይጠጣ የምን መሄድ ነው! ደግሞስ ጀበናው ያንቺ፣ ቡናው የእኔ፣ እሳቱ የእሷ፤ ማን ለማን ትቶ ይሄዳል?» ብላ የነጠላዋን ጫፍ ያዘቻት። ሴትዮዋም ተቀመጠች።

የወንድሜ ልጅ ካርታዋን ስታሳየኝ የታዩኝ እነዚያ ሦስቱ ነበሩ። ለበረካ ሲኒያቸውን ይዘው፣ ጎረቤታችን እየመረቀች፣ ሁለቱ አሚን እያሉ፣ እኔ ከጥግ ተቀምጬ ማየቴ ትዝ አለኝ። ምርቃቱ ሲያልቅ ሸክላ ሠሪዋ ሦስተኛውን ሲኒ ፉት አለችና ጀበናውን አንሥታ በብርሃኑ ፊት አዟዟረችው። «አፉ ትንሽ ጠመም ብሏል» አለች። «በዚያ ወራት ጭቃውን ደህና አላሸሁትም። ለሰኞ የተሻለ አመጣላችኋለሁ።»