ጭሱ ለምን ቤታችን ውስጥ ቀረ?

እንጀራ በጋገርን ማግስት ቤታችን፣ ነጠላችንና ጸጉራችን ጭስ ጭስ ይላል። ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ጌዶ ይህን የማናውቅ የለንም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በሴቷ ላይ ነው፤ «ቤቷን አታናፍስም» ትባላለች። ታሪኩን ስናይ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው።

አያቶቻችን የኖሩት በሣር ክዳን ቤት ነበር። እሳቱ በሦስት ጉልቻ መሐል ይነድዳል፤ ጭሱ ቀስ እያለ በሣሩ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። እግረ መንገዱንም ሥራ ይሠራ ነበር፤ የጣሪያውን እንጨት ከነቀዝ ይጠብቃል፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የዘር በቆሎ ያደርቃል። ጉዳት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ የአያቶቻችን ዓይን ምስክር ነው። ነገር ግን መውጫ ነበረው።

መጀመሪያ የተለወጠው ማገዶው ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ተቆርጦ ተመናመነ። ዳግማዊ ምኒልክ በማገዶ እጦት ምክንያት በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ እኛው አገር፣ ወደ አዲስ ዓለም (ኤጀሬ) ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። አዲስ አበባን ከመፈታት ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፉ ወደ እኛም ተስፋፋ። ግንዱ ለሽያጭና ለቤት መሥሪያ ሲሄድ ለምጣዳችን የተረፈን ቅጠሉ፣ ጭራሮውና ኩበቱ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ጭሱ ብርቱ ነው፤ ሽታውም ቶሎ አይለቅም።

ቀጥሎ ጣሪያው ተለወጠ። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ቆርቆሮ ማስገባት ቀለለ፤ ውሎ አድሮም በከተሞቻችን የሣሩን ቦታ ወሰደ። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፤ ጭስም እንደ ሣር አያሳልፍም። ከሥሩ ኮርኒስ ሲወጠር ደግሞ ጥላሸቱ እዚያ ይጋገራል፤ ክረምት ሲገባ በእርጥበቱ የከረመው ጭስ እንደ አዲስ ይሸታል። ማገዶውም ጣሪያውም ተለውጠው እሳቱ ግን እዚያው ጉልቻ ላይ ቀረ።

ነገሩ የሽታ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገምታል። ምጣድ ሥር የምንውለው እኛና ያዘልናቸው ልጆች ነን።

ዕጣን ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም። የሚያወጣው አመዱን በደንብ ሲቀዘቅዝ ሳያከርሙ መድፋት፣ ጥላሸቱን ጠርጎ ግድግዳውን ኖራ መቀባት፣ ከሁሉም በላይ ግን ጭሱን ከምንጩ መቀነስ ነው። በ1980ዎቹ በአገራችን የተሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚዘጋ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ጭስ መውጫ ያለውም ዓይነት አለ። በሒሳብ ቋንቋ፣ ሁለት ሸክም በሚያስፈልግበት አንድ ሸክም ይበቃል ማለት ነው።

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ወጡን ባያጣፍጥም ዓይናችንንና የልጆቻችንን ሳንባ ያተርፋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር ከቁጠባችን ብድር ስንወስድ፣ ከመጋረጃውና ከሶፋው በፊት ለምድጃና ለጭስ መውጫ እንመድብ።