የደመና ስሌት፦ ለመልካ ጀብዱ መጋዘን ምን ይፈይዳል?

ክላውድ ኮምፒውቲንግ በአማርኛ «የደመና ስሌት» እየተባለ ይጻፋል። የኔትወርክ ባለሙያዎች ከራሳቸው ድርጅት ውጭ ያለውን መስመርና ማሽን በንድፍ ላይ በደመና ቅርጽ ይስሉት ስለነበር ስሙ ከዚያ ወጣ። ነጋዴው ግን ስሌት ብቻ ሳይሆን ማከማቻ፣ ሶፍትዌርና ጥበቃም ስለሚያገኝበት፣ እኔ «የደመና አገልግሎት» ቢባል እመርጣለሁ። ፍሬ ነገሩ ሰርቨር ገዝቶ ከማቆም ይልቅ፣ የሌላ ድርጅት የመረጃ ማዕከል ውስጥ ያለውን በኢንተርኔት ተጠቅሞ በተጠቀሙት ልክ መክፈል ነው።

መልካ ጀብዱ የድሬዳዋ የፋብሪካና የመጋዘን አካባቢ ነው። ዕቃው ከጅቡቲ ይገባል፤ ሰነዱ ድሬዳዋ ይሠራል፤ ባለቤቱና ባንኩ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ናቸው። የብዙውን ድርጅት አሠራር ደግሞ እናውቀዋለን። ሒሳቡ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ተሠርቶ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። መጋዘኑ ውስጥ ከየክምሩ አጠገብ ቢን ካርድ አለ፤ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የንብረት ሠራተኛዋ በእስክሪብቶ ትሞላበታለች። ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ስንት ካርቶን ቀረን?» ሲላት ካርዱን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክለታለች። እሱ ፎቶውን አይቶ ለደንበኛ ቃል ሲገባ፣ እዚህ ሌላ መኪና ጭኖ ወጥቷል። ክምችቱ በደመና አገልግሎት ቢመዘገብ ግን እሷ በስልኳ ያስገባችውን ቁጥር ሒሳብ ሠራተኛውም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ጅቡቲ ያለው ወኪልም ወዲያው ያዩታል። ከጥቅሞቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ባይ ነኝ።

ሌላው ምክንያት የቦታው ጠባይ ነው። ድሬዳዋ ሞቃት ናት፤ ሰርቨር ቢሮ ውስጥ ያቆመ ሰው ሌት ተቀን የሚሠራ ኤሲ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሚተካ ጄኔሬተር ያስፈልገዋል። ጎርፍም አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። የሰው ሕይወት በምንም አይተካም፤ የተረፈው ነጋዴ ግን የብድርና የክምችት መዝገቡ ቅጂ በደመና አገልግሎት ሌላ ከተማ ካለው ሥራውን መልሶ መጀመር ይችላል።

ኢንተርኔት ከሌለ ይህ ሁሉ አይሠራም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ስለዚህ የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ሲቋረጥ በሁለተኛ ሲም መቀጠል ይቻላል። የውጭ አቅራቢዎች በዶላር ስለሚያስከፍሉ የኢትዮ ቴሌኮምን ቴሌክላውድ የመሰሉ የአገር ውስጥ አማራጮችን ዋጋ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። የሠራተኛና የደንበኛ መረጃ የሚያስቀምጥ ድርጅት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም ማየት አለበት። ውል ከመፈረሙ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ አይቅር፦ አገልግሎቱን ባቋርጥ መረጃዬን በምን ዓይነት ፋይል፣ በስንት ቀን ውስጥ ትመልሱልኛላችሁ?