ቢጫ ወባና ገዳዮቹ ሴሎች፦ ከኦሞ እስከ ካንቤራ

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ጓሮዎች ከቡናው ጋር እንሰትና ጎደሬ አይጠፋም። ቅጠላቸው ከግንዱ በሚጋጠምበት ቦታ የዝናብ ውኃ ያቁራል፤ ኤዲስ ሲምፕሶኒ የምትባለው ትንኝ የምትራባው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ተፋሰስ ቢጫ ወባ ሲገባ ከሰው ወደ ሰው ያዛመተችው በዋናነት ይህችው የጓሮ ትንኝ ነበረች። በግምት 100,000 ሰው ታመመ፤ 30,000 ያህሉ ሞተ።

የሚያስቆጨው ክትባቱ ያኔም መኖሩ ነው። ማክስ ታይለር 17ዲ የተባለውን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1937 አውጥቶ በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። የኦሞ ሰው ግን አብዛኛው አልተከተበም።

ክትባቱ እንዴት እንደሚሠራ በወጉ አልታወቀም ነበር። ወረርሽኙ በተፋፋመበት በ1961 ዣክ ሚለር ለንደን ውስጥ የታይመስን ዕጢ ጥቅም በአይጦች አሳየ፤ ቲ ሴል የተባለው በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴል ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። በ1974 ደግሞ ካንቤራ ላይ ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናገል ያልተጠበቀ ነገር ዘገቡ፦ የአንድ አይጥ ገዳይ ቲ ሴሎች በቫይረስ የተያዘውን የራሳቸውን ዘር ሴል ሲገድሉ፣ በዚያው ቫይረስ የተያዘውን የሌላ ዘር አይጥ ሴል አልነኩም። ገዳዩ ቫይረሱን ብቻውን አያውቅም ማለት ነው፤ የገዛ አካሉ ምልክት አብሮ መኖር አለበት። በ1996 ኖቤል ተሸለሙ።

በቢጫ ወባ በተያዘ የጉበት ሴል ውስጥም እንዲሁ ነው፤ የቫይረሱ ፕሮቲን ይቆራረጣል። ዘጠኝ ያህል አሚኖ አሲድ ያላት ቁራጭ የገዛ አካል ምልክት በሆነው ኤችኤልኤ በተባለው ሞለኪውል ላይ ተቀምጣ ወደ ሴሉ ገጽ ትወጣለች። ገዳዩ ቲ ሴል በተቀባዩ ይዳስሳታል፤ ከገጠመችለት ተጣብቆ ፐርፎሪን የተባለ ፕሮቲን ይለቃል፣ የሴሉ ሽፋን ይበሳል፣ ግራንዛይም የተባለ ኢንዛይም ገብቶ ሴሉን ራሱን እንዲያጠፋ ያዝዘዋል። ገዳዩ ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

የክትባቱን ምስጋና አንቲቦዲ ብቻውን መውሰዱ አይዋጥልኝም። ደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቫይረስ አንቲቦዲ ይይዘዋል፤ ሴል ውስጥ ከገባ ግን አይደርስበትም። 17ዲ ሕያው ስለሆነ ሴል ውስጥ ይገባል፣ ገዳዮቹንም ይቀሰቅሳል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ቁጥራቸው ጣሪያ ይነካል፣ የተወሰኑት ለአሥርት ዓመታት ይቆያሉ። በሰው ላይ የገዳይ ቲ ሴል ትዝታ በሚገባ የተጠናውም በዚሁ ክትባት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 በሽታው ወላይታ ላይ ተመልሶ መጣ። ስለ ክትባቱ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ መርፌ ለዕድሜ ልክ ይበቃል ብሏል፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮም ቢጫ ካርድ በተባለው የክትባት ማስረጃ ላይ የነበረው የአሥር ዓመት ገደብ ተነሥቷል። ካርድዎ ጊዜው አልፏል የሚል ካጋጠመዎት ይህን ይንገሩት።